ባጃጅ ጠርቼ ቴነር ሆንኩ፦ ፒያሳ ጎንደር የወሰድኩት የድምፅ ትምህርት

እኔ ቴነር ነኝ፣ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ። እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ ግን ባሪቶን፣ ከሱ ዝቅ ያለው፣ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ ኳየር ስገባ መሪያችን ድምፃችንን ሊለይ አንድ በአንድ ወደ ላይ ያስወጣን ጀመር። ሬ ደህና። ሚ ደህና። ፋ ላይ ጮኽኩ። ፋ ሻርፕ ላይ ድምፄ መጮህ እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ተሰበረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "አንተ ባሪቶን ነህ፣ ከነሱ ጋር ቁም" ተባልኩ። ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ታችኛውን ድምፅ ስይዝ ከጉሮሮዬ የሚወጣው አብዛኛው ትንፋሽ ነበር፣ ግን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ይሄን የማወራው የምገመግመው ትምህርት ምን እንደሠራልኝ እንዲገባችሁ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ጊዜ በቀረ አንድ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ድምፅ የሚያስተምሩ ሰው አሉ። ሦስት ወር ተማርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ሰዓት 500 ብር። ደምሩት፣ 24 ጊዜ ስትሄዱ 12,000 ብር ነው። ለእኔ ደሞዝ ቀልድ አይደለም። ስማቸውን አልጽፍም፣ ራሳቸው "ተማሪ ከበዛብኝ ጆሮዬ ይደክማል" ብለው ለምነውኛል። ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን ሄድኩ? ጓደኞቼ የሚዩዚካል ምሽት እናዘጋጅ ብለው ተነሱ። ሚዩዚካል ማለት ተዋናዩ ሲያወራ ቆይቶ ወሬው አልበቃው ሲል ወደ ዘፈን የሚገባበት ቲያትር ነው፣ ለንደንና ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ በየማታው የሚታየው። ሦስት ዘፈን ደረሰኝ። ሦስቱም የቴነር። "ኧረ እኔ ባሪቶን ነኝ" ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ፣ መዝፈን የሚችል ሌላ ወንድ አልነበረማ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በስልክ የሚሠራ የድምፅ ማስተማሪያ አፕ ነው። ስሙ ይቅር። ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ በካርዱ ከፈለልኝ። አፑ ኖታውን በትክክል ከመታህ አረንጓዴ ያበራል፣ ከሳትክ ቀይ። እኔ ደግሞ ኖታ አልስትም፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ስለዚህ አንገቴ ላይ ያለው ሥር እንደ ገመድ ተወጥሮ፣ ፊቴ በርበሬ መስሎ፣ ሶል ላይ ስደርስ አፑ "ጎበዝ!" ይለኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎበዝ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ድምፄ ጠፋ። በሹክሹክታ እያወራሁ ሥራ ገባሁ። ስልክ ኖታውን ይሰማል፣ ጉሮሮህ ምን ያህል እንደታነቀ ግን አይሰማም። ያኔ ነው አንድ ክራር የሚመታ ጓደኛዬ ወደ ጋሼ ያመለከተኝ።

ክፍሉን ልንገራችሁ። ደረጃው የእንጨት ነው፣ ስትወጣ ያለቅሳል። ውስጥ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ትልቅ መስታወት ጥጉ የተሰነጠቀ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሕፃናት የሚማሩበት የሀ ሁ ሰሌዳ። ሰሌዳው ለምን እንደተሰቀለ በኋላ ነው የገባኝ፣ እመለስበታለሁ። በረንዳው መንገዱን ያያል። ከጎን ልብስ ሰፊ አለ፣ መኪናው ሲሠራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከዚያም ባንድ ውስጥ የሠሩ፣ ስድሳ ያለፉ ሰው ናቸው። ለሰላምታ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ሲያስተምሩም ዝቅ ያለ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዘፈን ይዤ ሄድኩ። አልሰሙኝም። "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" አሉኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም።

"ፋ አይወጣልኝም ጋሼ። ባሪቶን ነኝ።"

"እሺ። በረንዳው ላይ ውጣና ባጃጅ ጥራልኝ።"

የሚሄዱ መስሎኝ ወጣሁ። ከታች አንድ ባጃጅ እያለፈ ነበር። "ባጃጅ!" ብዬ ጠራሁ። ሰውዬው ቀጥ አለ። ዞር ስል ጋሼ ኪቦርዱን እየመቱ ነው። አንድ ኖታ ደጋግመው መቱ። "የጠራህበት ድምፅ ይሄ ነው። ሶል ነው። ፋ አይወጣልኝም ያልከው አንተ ነህ?" ሥር አልተወጠረ፣ ፊቴ አልቀላ። ድምፄ መንገዱን ተሻግሮ ሰው አስቁሟል። ሹፌሩ ታች ሆኖ "ወዴት ነው?" ይላል፣ እኔ ላይ ሆኜ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። እስካሁን ፒያሳ ላይ ሲያየኝ ይቆጣል።

ያ ቀን ብቻውን 500 ብር ያወጣል።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ነው ያስረዱኝ። ክራራቸውን አነሱ። "ማሲንቆ ላይ ድምፅ የሚወጣው ጣትህ ጭራውን ሲያሳጥረው ነው። ጉሮሮህ ውስጥ ግን ጣት የለም። እንደ ክራር መቃኛ ነው፤ ሲዞር አውታሩ ይወጠራል፣ ይሳሳል" አሉና መቃኛውን ቀስ ብለው አዞሩት። ማንቁርት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጡንቻ አለ። አንዱ የድምፅ አውታሩን ወፍራምና አጭር አድርጎ ይይዘዋል፣ በምንነጋገርበት ከፍታ ሥራው የእሱ ነው። ሌላው ይስበዋል፣ ያሳሳዋል። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የመጀመሪያው ቀስ እያለ እየለቀቀ ሁለተኛው ሥራውን መረከብ አለበት። ከላይ ያለው ላ ላይ ስትደርስ አውታሮቹ በሰከንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ። በወፍራሙ ሆነህ እዚያ ድረስ መሄድ ማለት መኪናን በአንደኛ ማርሽ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገት በፍጥነት ማስወጣት ነው። ሞተሩ ይጮሃል።

ቴነር ላይ ይህ ርክክብ የሚሆነው በግምት ከሬ እስከ ሶል ባለው መሃል ነው፣ ከመካከለኛው ዶ በላይ። ጣሊያኖች ፓሳጆ ይሉታል፣ መተላለፊያ እንደማለት። እኔ የማደርገው ምን ነበር? ወፍራሙን አንቄ ይዤ እስከ ፋ እጎትታለሁ፣ ከዚያ ሲያቅተኝ ባንዴ እለቀዋለሁ። ያ ነው የዶሮው ድምፅ። ባሪቶን ያሰኘኝም እሱ ነው። ከፋ በላይ ያለው ድምፅ አጥቼ አልነበረም፣ በሩ ላይ ሁልጊዜ እየተጋጨሁ እንጂ።

ታዲያ ይሄ ችግር ሚዩዚካል ላይ ለምን ይብሳል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ዋናው ነገር ነውና።

የእኛ ባንድ ውስጥ ዘፋኙ ካልወጣለት "ቶን አውርድልኝ" ይላል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቁልፍ ይጫናል፣ አለቀ። ኦፔራ ላይ ደግሞ ቴነሩ ከፍ ሲል ድምፁን አክብቦ፣ አናባቢውን አጨልሞ ቢወጣ ማንም አይቀየመውም፣ ያምርበታል እንጂ። ሚዩዚካል ሁለቱንም ይነፍግሃል። ዘፈኑ በአብዛኛው በተጻፈበት ቶን ይዘፈናል፣ ኦርኬስትራውም ቀጣዩ ትዕይንትም በዚያ ላይ ተሠርቷል። ቃሉ ደግሞ እንደ ወሬ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት፤ ሰውየው እያወራ ነው ያለው፣ ስለዚህ ባንዴ የኦፔራ ዘፋኝ ቢሆን ታሪኩ ይፈርሳል። ከሁሉ የባሰው ዜማው ሶልን ነክቶ የሚመለስ ሳይሆን ሚ እና ፋ ሰፈር ቤት ሠርቶ የሚኖር መሆኑ ነው። ረጅም መስመር፣ እዚያው በር ላይ ቁጭ። በዚያ ላይ አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከታች የባሪቶን፣ ከላይ የቴነር ድምፅ ይጠይቃል። ብሮድዌይ ላይ ይሄን በሳምንት ስምንት ጊዜ ያደርጉታል። እኔ ለአንድ ምሽት ስጨነቅ ነበር።

አሁን ወደ ሀ ሁ ሰሌዳው። ይሄ ሌላ ቦታ የምታገኙት አይመስለኝም።

ጋሼ አናባቢ የሚያስተምሩት በፊደል ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በትር ይዘው ሰሌዳውን ይመታሉ። "ራብዕ ይዘህ በሩ ላይ አትምጣ። ኣ ሰፊ ነው፣ አያሳልፍህም። ትንሽ ወደ ግዕዝ አስጠጋው።" ኣ ብዬ ጀምሬ ፋ ላይ ስደርስ ወደ ኧ ሳስጠጋው ድምፁ ተንሸራቶ አለፈ። ኢ ሲሆን ወደ ሳድሱ፣ ወደ እ። ኤ ሲሆንም እንዲሁ ወደ ኧ። የውጭ አስተማሪዎች ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቪዲዮ ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ቋንቋዎች ኧ እና እ የሚሉትን እንደኛ ለይተው በፊደል አልቀረጿቸውም። እኛ አራት ዓመት ሳይሞላን በጭራሮ እያመለከትን ተምረነዋል። መድኃኒቱ አፋችን ውስጥ ነበር።

ጉዳቱም አፋችን ውስጥ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ። እነዚህን ስትል ማንቁርትህ ላይ እጅህን አድርግ። ይዘላል! ጉሮሮ ተዘግቶ ወደ ላይ ብቅ ሲል ነው ድምፃቸው የሚፈነዳው። ከፍ ያለ ኖታ ላይ "ቀን" ወይም "ጠራ" ካልክ ማንቁርትህ ከነመዘጋቱ ወጥቶ ይቀራል፣ ከዚያ ቀጣዩ አናባቢ ታንቆ ይወጣል። ጋሼ የአማርኛ ዘፈን ሲያለማምዱኝ ቀ የሚለውን ወደ ከ፣ ጠ የሚለውን ወደ ተ ለውጬ እንድዘፍን ያደርጋሉ፣ ዜማው ሲደላደል ትክክለኛውን ፊደል ይመልሱታል። ስሰማው ሕፃን የሚንተባተብ ይመስላል። ይሠራል ግን።

የአዝማሪ አገር ልጅ መሆንም የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ጎንደር ጥሩ ድምፅ ማለት ወፍራም፣ የተገፋ፣ ከደረት የወጣ፣ ማይክ ሳይኖር ጠጅ ቤቱን የሚሞላ ማለት ነው። እኔም ይሄን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እወደዋለሁም። ጋሼ አልነቀፉትም። "አዝማሪው ማሲንቆውን ለራሱ ድምፅ ይቃኛል። አንተን የቃኘህ ለንደን የተቀመጠ ሰው ነው" አሉኝ። ሰውየው አንዳንዴ ነገር ይጥላሉ።

ዘፈኖቹን ልንገራችሁ።

አንደኛው ከዌስት ሳይድ ስቶሪ ነው፣ የሊዮናርድ በርንስታይን፣ የ1957 ሥራ፣ "ማሪያ" የሚለው። ስሟን ሲጠራት ያለው ዝላይ ለፈረንጅ ተማሪ ራስ ምታት ነው፣ ትራይቶን ይሉታል፣ የሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት ማለት ነው፣ ከዚያ በግማሽ ድምፅ ወጥቶ ያርፋል። እኔም አቃተኝ። ጋሼ ክራሩን ወደ አምባሰል ቃኙና ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ድምፅ ተራ በተራ መቱ። ራሱ ነው! ያው ዝላይ፣ ያው ማረፊያ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር አምባሰል በአንድ ደቂቃ አስያዘኝ። ከዚያ በኋላ ስሟን ስጠራ ወሎ ወሎ ሸተተኝ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የሌ ሚዜራብል ነው፣ በ1985 ለንደን የተከፈተው፣ "ብሪንግ ሂም ሆም"። ጸሎት ነው። ሽማግሌው የተኛውን ወጣት እያየ አምላክን ይለምናል። ብዙ ሰው ዝግ ያለና የሚያባባ ስለሆነ ቀላል ይመስለዋል። የገደለኝ እሱ ነው። ገና ስትጀምር ሙሉ ኦክታቭ፣ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ያህል፣ ትዘልላለህ፣ የምታርፈው ደግሞ እዚያው መተላለፊያው በር ላይ፣ ያውም በቀስታ። መጮህ ብትፈቅዱልኝ እወጣው ነበር። ቀስ ብሎ መውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ አውታሩ ስስ ሆኖ ግን ሳይላቀቅ መገናኘት አለበት፣ ትንፋሽ ከበዛ ይበተናል፣ ካነሰ ይዘጋል። ኋላ ላይ እስከ ላ ድረስ ይወጣል፣ እዚያም በቀስታ። ስድስት ሳምንት እሱን ብቻ ሠራን። አንድ ቀን ተናድጄ ጮህኩት። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ እግዜር ደንቆሮ አይደለም" አሉ።

ሦስተኛው ሮክ ሚዩዚካል ነው፣ ከጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር። መጀመሪያ የወጣው በ1970 በሸክላ ነው፣ የኢየሱስን ክፍል የዘፈነውም የዲፕ ፐርፕል ዘፋኝ ኢያን ጊላን ነው። ለሮክ ጩኸት የተሠራ ነገር። ጋሼ አንዴ ሰሙት፣ ሁለቴ ሰሙት፣ "ይሄን እኔ ጋ አትማረውም" አሉ። አለቀ። ይሄን ከድክመታቸው እቆጥረዋለሁ።

ምክንያቱም ጋሼ የተማሩት ክላሲካል ነው። ለጤና ወደር የላቸውም፣ ስታይል ላይ ግን አንድ እግራቸው ኦፔራ ውስጥ ነው። አናባቢ ሲያስጠጉኝ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፣ ቀርጬ ስሰማው የቤተ መንግሥት ጥሩንባ መስያለሁ። ቤልት የሚባለውን፣ ያንን የባጃጅ ጥሪ ድምፅ፣ ራሳቸው አሳይተውኝ ሲያበቁ ዘፈን ውስጥ ሳስገባው ይቆጣሉ። "መጀመሪያ ጤና፣ ከዚያ ጌጥ" ይላሉ። ልክ ናቸው ይሆናል፣ ምሽቱ ግን እየቀረበ ነበር። ማይክ አያያዝም አያስተምሩም። ሚዩዚካል ዛሬ በማይክ ነው የሚዘፈነው፣ ከማይክ በፊት እንደነበረው አዳራሽ በደረትህ አትሞላም፣ ስለዚህ ቀስ ማለት የምትችለው ማይኩን ካወቅከው ነው። ይሄን ከሌላ ሰው ተማርኩ፣ በማኪያቶ ዋጋ።

የቤት ሥራቸውን ግን ውደዱት። ሃይላንድ ውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን ውኃ ታደርጋለህ፣ ስትሮ ትከታለህ፣ በስትሮው ውስጥ "ኡ" እያልክ ወደ ላይና ወደ ታች ትሄዳለህ፣ ውኃው እየተንቦጫረቀ። አሥር ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። የሚወጣው አየር ሲታገድ የተወሰነ ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አውታሮቹን ደግፎ ያለ ጭንቅ እንዲገናኙ ያግዛቸዋል። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ዋጋውም ዜሮ። አከራዬ እትዬ በር አንኳኩተው "ምን እያፈላህ ነው አንተ?" አሉኝ። ድምፅ ነው ስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

አበሉንም ነካክተውብኛል። ማታ ሦስት ሰዓት በርበሬው የበዛ ሽሮ በልቼ ወዲያው እተኛለሁ፣ ጠዋት ድምፄ እንደ አሮጌ በር ነው። ብርድ እየመሰለኝ ዝንጅብል ስጠጣ ነው የኖርኩት። የሆድ አሲድ ተኝቼ ወደ ጉሮሮዬ እየወጣ አውታሮቹን ያቃጥላቸው ነበር። እራቴን ወደ አሥራ ሁለት ተኩል ሳመጣውና ቅዳሜ ማታ ያለችውን አረቄ ስተው ለውጡ በአሥር ቀን ታየኝ። ደግሞ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አቧራው አይጣል። ውኃ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ልትዘፍን ስትል አንድ ሊትር ብትገለብጥ ሽንት ቤት ያመላልስሃል እንጂ አውታርህ ጋ አይደርስም።

ቅሬታዎቼን ልጨርስ። ሰዓት አያከብሩም፤ አራት ጊዜ ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ጠብቄያለሁ፣ አንዴ ጭራሽ አልመጡም፣ ለቅሶ ሄደው ነበር፣ ስልክ መደወል የሚባል ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ይሞታል፣ በክራር ይቀጥላሉ፣ ይሄ አንዳንዴ ይሻላል አንዳንዴ ጊዜ መግደል ነው። አጃቢ ሙዚቃ ራስህ በስልክ አውርደህ ትመጣለህ። ቅዳሜ ጠዋት የቡድን ትምህርት አላቸው፣ ለሰው 150 ብር፤ አንዴ ገባሁበት፣ ዘጠኝ ሰው ነበርን፣ ሶፕራኖውም ባሱም አንድ ዓይነት ነገር ሲጮህ ሰዓቱ አለቀ። አትግቡበት። በሁለተኛው ወር ደግሞ ዋጋ ሊጨምሩ ሞከሩ፣ ቡና ጋብዤ ለመንኳቸው፣ ተዉልኝ።

ምሽቱስ? ደረሰ። አዳራሹ ሞላ ማለት ውሸት ነው፣ ግማሽ ነበር። አምባሰሏ ማሪያ ጥሩ ሄደች፣ አንድ ቦታ ቃል ሳትኩ። የሮኩን ዘፈን ትቼው ሌላ ልጅ ጊታር ተጫወተ። ከዚያ ጸሎቱ መጣ። ኦክታቩን ዘለልኩ፣ አረፍኩ፣ በሩ ተከፈተ። መጨረሻ አካባቢ ላይኛው ላ ስደርስ ድምፄ እንደ ክር ቀጠነ፣ ግን አልተበጠሰም። በሕይወቴ እዚያ ኖታ ላይ ሳልጮህ ቆሜ አላውቅም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ታዳሚው ግን ሌላ ነው። እዚያች ክር ላይ ሆኜ ከኋላ ወንበር አንዱ "ማይኩ ጠፋ እንዴ?" ሲል ሰማሁት። የድምፅ ባለሙያው ደነገጠና ከፍ አደረገው፣ ማይኩ ጮኸ። ሲያልቅ እናቴ መጥታ አቀፈችኝና በጆሮዬ "ምነው ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ደከመህ?" አለችኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ማን ይሂድ? ከፍ ሲል ድምፁ የሚሰበርበት ወንድ ይሂድ፣ በተለይ ባሪቶን ነህ ተብሎ ታች የሚተነፍስ። ኳየር ውስጥ ያለም፣ ባንድ ውስጥ ያለም። ዘፈን አስጠኑኝ የሚል፣ በወር ውስጥ ኮከብ ልሁን የሚል፣ ሮክና ፖፕ ብቻ የሚፈልግ አይሂድ፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። ያቺን አንዷን ያስቀረኋት ለደረጃው ላይ ጥበቃ ነው።

አድራሻ ለምትጠይቁኝ፦ ፒያሳ የሙዚቃ ሰው ፈልጋችሁ "ባጃጅ የሚያስጠሩት መምህር" በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያዙ። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ዘግቶ ይሄዳል።